ጮክ ብዬ ያጠናሁት ምሥጢር

እኔ ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ሠፈሩ ስለሚለው ነው። ሠፈሩ የሚለውን ሁሉ አላምንም፤ ይህን ግን አምኜ ኖሬ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። ማን እንደሚዛወር፣ ማን እንደሚሾም፣ ማን እንደሚገሠጽ ከባለቤቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርሁ። «ጥብቅ ምሥጢር» የሚል ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በእኔ ጣቶች ያልፋል። ባለጉዳይ በመስኮት ብቅ ይልና «እትዬ፣ አይንገሩኝ፤ እንዲያው ፊትዎን ብቻ ያሳዩኝ፤ ደግ ነው ክፉ?» ይለኛል። እኔም ፊቴን ወደ ጽሕፈት መኪናዬ እመልሳለሁ። ጡረታ ስወጣ አለቃዬ ንግግር አደረጉና «ከእርሷ ይልቅ መሳቢያዋ ያወራል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እንደ ሽልማት ተቀበልሁት።

እንግዲህ ይህ ስም እንዴት እንደ ሰኔ ጭቃ ከእግሬ ሥር እንደከዳኝ ላጫውታችሁ።

ከእኔ ጋር የምትኖር የወንድሜ ልጅ አለች፤ ሰላማዊት ትባላለች። አባቷ ይስማው ደምበጫ ገጠር ውስጥ ገበሬ ነው። ልጅቱ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። የምትማረውን ስትነግረኝ በጽሞና አዳምጣለሁ። አይገባኝም፤ ግን አላቋርጣትም። ያልገባው ሰው ዝም ሲል ከገባው ሰው አይለይም፤ ይህን ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው የተማርሁት።

የመመረቂያ ሥራዋ የይለፍ ቃል የሚያወጣ ፕሮግራም ነበር። ስልኩም ኮምፒውተሩም «ማነህ?» ብሎ ሲጠይቅ የምንመልስለት ቃል ማለት ነው፤ እነሱ ፓስወርድ ይሉታል። ሰው ለራሱ ሲያወጣ የልጁን ስም ወይም የተወለደበትን ዓመት ያደርጋል፤ ሌባም አስቀድሞ የሚሞክረው እሱን ነው። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ እንደ ዕቁብ ዕጣ በዘፈቀደ ያውጣ፤ ሐሳቧ ይኸው ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ አላመንኋትም። «የኔን ማን ይደርስበታል?» አልኋት። ስልኬን ተቀበለችኝና በአንድ ሙከራ ከፈተችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አክስቴ፣ የአጥቢያው ታቦት የሚነግሥበትን ቀን እኮ ነው ያደረጉት። አገር ሁሉ ነጭ ለብሶ የሚወጣበትን ቀን!»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርሁም።

ችግሩ የመጣው ሥራዋን ለመምህሯ ስታሳይ ነው። ማሽኑ ያወጣው ቃል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ዶሮ የጫረችው የሚመስል ምልክት የተቀላቀለበት ነበር። መምህሩ አይተው መለሱላት። «ይህን ማን ይይዘዋል?» አሏት። «ሰውየው ወረቀት ላይ ይጽፍና ከስልኩ ጀርባ ይለጥፈዋል፤ ሌባውም አመስግኖ ይሄዳል። ሰው በራሱ ውስጥ ሊይዘው የሚችል አድርገሽ አምጪ። ደግሞ እኩያሽን ሳይሆን ዕድሜ የጠገበ ሰው ይዘሽ ነይ። ሳይጽፈው ሳምንት ይያዘውና እዚሁ ፊታችን ይክፈትበት።»

ይህ ካልሆነ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ለከርሞ ነው። ይስማው ደግሞ ልጁ እንደምትመረቅ ለቀበሌው ሁሉ ተናግሮ፣ ለድግሱ ወይፈን ለይቶ፣ ጌሾ አስወቅጦ ጨርሷል። ገጠር ውስጥ የተጠራ ድግስ ለከርሞ ሲባል ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ወይፈኑ እንኳ ያፍራል።

ሰላማዊት ጫማዋ በጭቃ እንደተለወሰ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ዝም የሚል ሰው እፈልጋለሁ።»

«ለምን?»

«የይለፍ ቃሉን ለሚይዝልኝ። ሠፈሩን ሁሉ በልቤ ዞርሁት። ከእርስዎ ሌላ አላገኘሁም።»

«ዕድሜ የጠገበ የሚለውስ?»

«እሱም አለበት» አለች ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ።

እሺ አልሁ። የልጅቱ ምርቃት በእኔ ራስ ላይ እንደተጫነ የገባኝ እሺ ካልሁ በኋላ ነው።

በፊደልና በምልክት ፋንታ የአማርኛ ቃላት ልታደርገው አሰበች፤ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ተራ ቃላት። ሌባ አይገምታቸውም፤ ሰው ግን ይይዛቸዋል። ቃላቱን ከእኔ ለቀመች። የቤት ዕቃ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ አትክልት፣ እንስሳ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ዘረዘርሁላት፤ እሷ ወደ ማሽኑ ታስገባለች። የምታውቂውን ሁሉ ተናገሪ ተብዬ ስጠየቅ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ዕጣው ወጣ። ማሽኑ «ዶሮ ቅቤ መሰላል ጉድጓድ አይብ» አለ።

«ይህን አልይዝም» አልኋት።

«ለምን?»

«የሐዋርያት ጾም ነው። ሳምንት ሙሉ ዶሮና ቅቤና አይብ በልቤ ይዤ ልዙር?»

«አይበሉትም እኮ አክስቴ!»

«መመኘቱስ?»

ተንፍሳ እንደገና ነካችው። «ቄስ አህያ ጠላ ሙቀጫ አጥር» አለ። ተነሥቼ ቆምሁ።

«ቄስና አህያን ማን ነው ጎን ለጎን ያሰረው?»

«ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ከማን ቤት ነው ያደገው?»

ሰላማዊት ራሷን በሁለት እጅዋ ያዘች። «አክስቴ፣ ዕጣ አይመረጥም! እርስዎ ከመረጡ ሌባ የእርስዎን ጠባይ አጥንቶ ይደርስበታል።»

የእኔን ጠባይ አጥንቶ የሚደርስብኝ ሌባ መጀመሪያ መጾም፣ ቀጥሎም ቄስ ማክበር አለበት፤ እዚያ ሲደርስ ሌብነቱን የሚተው መሰለኝ። ይህን ግን አልነገርኋትም። «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚው» አልኋት። ደገመችው።

ኮርቻ፣ ድንች፣ ዣንጥላ፣ እንቁራሪት፣ ወንፊት።

አየሁት። ድንች ጾም ነው። ካህን አልተነካም። እንቁራሪቷ ደስ ባትለኝም ጾም ትሁን ፍስክ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ይሁን» አልሁ። ሰላማዊት ከማሽኑ መስኮት ላይ አጠፋችውና ቃሉንም፣ ቃል መያዜንም ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። እኔን! ያቺን ታይፒስት!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

በመጀመሪያው ቀን ዝም ብዬ በልቤ ልይዘው ሞከርሁ። ጠዋት ስነሣ ኮርቻና ድንች አሉ፤ ሌላው ሁሉ የለም፤ በቦታቸው አንዲት ፍየል ቆማለች። ፍየሏ ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም። በስንት ጭቅጭቅ ሰላማዊትን አስደገምኋት። በማግሥቱም ፍየሏ መጣች።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ደጅ ነው። እዚያ ያ ሁሉ ልጅ እያንዳንዱ የየራሱን ትምህርት በአንድ ላይ ይጮኻል። ዝም ያለ ልጅ «አንቀላፍቷል» ተብሎ አለንጋ ይቀምሳል። ኋላ አስኳላ ስገባም ታሪክም ሆነ ጂኦግራፊ ያጠናሁት ከቤት ጀርባ ወዲያ ወዲህ እያልሁ በጩኸት ነው። ድምፅ ያላወጣሁበት ነገር በራሴ ውስጥ አድሮ አያውቅም። መሥሪያ ቤት ምሥጢር አላወጣም የምባለውም ለካ ሳልይዘው ስለምረሳው ኖሯል!

ስለዚህ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ልብሱን እያሸሁ በሹክሹክታ ጀመርሁ፤ ኮርቻ፣ ድንች፣ ዣንጥላ። እውነትም ያዘልኝ። አንድ ሸሚዝ ሳሽ ያዘልኝ፤ አንድ አንሶላ ሳሽ ጠበቀልኝ። ፍየሏም ሄደች። ድምፄ ከሹክሹክታ ወጥቶ መቼ ከፍ እንዳለ ግን አላስተዋልሁም። ከየኔታ ደጅ የወጣ አፍ ትንሽ ከተለቀቀለት የሚሄደው ወደ ላይ ነው።

ጓሮዬን ከመሪጌታ ጓሮ የሚለየው የባሕር ዛፍ አጥር ነው። መሪጌታ ለብዙ ዘመን ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ጊዜ በጆሯቸው የገባ ቃል አይወጣም። ፀሐይ ስትወጣ አጥሩ ሥር ካለችው መደብ ላይ ይቀመጣሉ።

በማግሥቱ ነጠላዬን እያጠብሁ ሳለሁ፦

«እመይቴ» አሉ ከወዲያ።

«አቤት መሪጌታ።»

«እንቁራሪቷን ዘለሏት።»

እጄ ሳፋው ውስጥ ደረቀ። «ምን እንቁራሪት?»

«ከዣንጥላ በኋላ ያለችውን። ትናንት ነበረች እኮ።»

ትናንት!

«ደግሞም» አሉ፣ «በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያፈሱት፤ እንደዚያ አይያዝም። ድንች ላይ ይጣሉ። ዣንጥላ ላይ ያንሡ። እንቁራሪት ላይ ትንፋሽ ይውሰዱና ወንፊት ብለው ያሳርፉ። እንዲህ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከዳር እስከ ዳር በዜማ አሉት። ምን ልበላችሁ፤ ያማረ ነበር። ወንፊት ላይ ሲያሳርፉ አንጀት ይበላል።

«መሪጌታ፣ ምንድን ነው ብለው አይጠይቁኝም?»

«የተማሪ ሥራው መያዝ ነው። ምሥጢሩን ባለቤቱ ያውቃል» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔም በዜማው ያዝሁት። አያያዜ ግን ከልክ አለፈ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እግሬ ይለዋል፤ ምስር ስለቅም እጄ ይለዋል። ገበያ መሐል ሽንኩርት የምትሸጥልኝን ሴት «ስንት ነው?» ልላት አፌን ከፍቼ «ኮርቻ» ብያታለሁ።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ወይዘሮ ጠጄ አለች። ደጃፏ ላይ ጉልት ትቸረችራለች። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ጆሮ አለው። አንድ ቀን በሬን አንኳኳች፤ በእጅዋ ወንፊት ይዛለች።

«እትዬ፣ ወንፊት ሲሉ ሰማሁ። እኔ እያለሁ ምን ያስገዛዎታል?»

አልፈልግም ብላት ታዲያ ለምን ጠሩት ልትለኝ ነው። ብመልስላት መሐላዬ ይፈርሳል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኋት። ዝምታዬ የመጀመሪያውን ወጥመድ እንዲህ አጠመደልኝ። በማግሥቱ ድንች በዘንቢል መጣ። በሠልስቱ ዣንጥላ።

«ለሰላማዊት ምርቃት እየተሰናዱ ነው አይደል?» አለች ጠጄ ቤቴን በዓይኗ እየለካች። «ድንቹ ለወጡ፣ ወንፊቱ ለዱቄቱ፣ ዣንጥላው ለዝናቡ። ኮርቻው ግን ለማን ነው?»

ዝም አልሁ።

«ኧረ ገባኝ!» ብላ ጭብጨባ አስከተለች። «ልጅቱን በፈረስ ሊያስገቧት ነው! በሞቴ እትዬ፣ ይህን ሁሉ በሆድዎ ይዘው ነው ዝም ያሉት?»

ዣንጥላውን ጥግ ላይ አስደገፍሁት።

ወደ በሩ ስትሄድ ተመለሰችና ግራ ቀኙን አየች። «እንቁራሪቷስ? ለጉልበትዎ ነው? መድኃኒት አዋቂው አዘዘልዎት?»

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኋት። ያን ሳምንት ሙሉ የተናገርሁት እውነት ይህ ብቻ ነበር፤ እሷም አላመነችኝም።

በዚያው ቀን ለይስማው ደወለችለት። በፈተናው ዋዜማ ወንድሜ ከደምበጫ በሚኒባስ መጣ፤ ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ ደግሞ በባጃጅ። ከባጃጁ መጀመሪያ የወረደው እሱ አይደለም፤ ኮርቻ ነው። ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተዘመዘመ፣ መርገጫው የሚያብረቀርቅ፣ ለሙሽራ የሚጫን ኮርቻ።

«እቴ፣ ፈረሱ ለምርቃቱ ቀን ይደርሳል፤ ኮርቻው ይቅደም ብዬ ነው» አለኝ። «ካማቼ ተውሼ ነው። የሰው ዕቃ ስለሆነ ከእጄ አይለይም።» ከዚያ ተቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። «እንዲያው አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ታስቢያለሽ? ልጄን በፈረስ?» አለ፤ ዓይኑንም ወደ ግድግዳው መለሰ።

ወንድሜ በቀላሉ ዓይኑን ወደ ግድግዳ የሚመልስ ሰው አይደለም። ምን ብዬ ላፍርስበት? ውኃ አቀረብሁለት።

ሰላማዊት ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። አባቷን ሳመች። ቀና ስትል ቤቱን አየችው። ቀስ ብላ፣ የማሽኗን መስኮት እንደምታነብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አነበበችው።

«አክስቴ።»

«አቤት።»

«ይህ ኮርቻ ነው።»

«ነው።»

«ይህ ድንች ነው። ያ ዣንጥላ ነው። ያ ደግሞ ወንፊት ነው።»

«ናቸው።»

«እንቁራሪቷስ?»

«እሷ አልመጣችም» አልሁ።

በዚህ መሐል መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሙሉውን ከነማሳረፊያው አዜሙት። ሰላማዊት ኮርቻው ላይ ተቀመጠች። ይስማው «ያምርብሻል» አላት።

ወደ ጓዳ ጠርታኝ ገባን። ቃሉን እንዳንቀይር ሳምንት የተያዘ መሆን አለበት፤ ፈተናው ደግሞ ነገ ነው። «ምሥጢር መሆኑን ከጠየቁኝ አልዋሽም አክስቴ» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ራት አልበላሁም፤ ለጠየቀኝ ጾሙ ነው አልሁ።

በማግሥቱ ብቻዬን ልሄድ ነጠላዬን ሳደርግ ጠጄ ደጄ ላይ ለባብሳ ቆማለች፤ ዩኒቨርሲቲ መጠራቴን ይስማው ነግሯት ኖሯል። «ለጥያቄ ተጠርተው ብቻዎን? ጎረቤት የሌለዎት ይመስል!» አለች። በእኛ አገር ሰው ብቻውን የሚጠየቀው የሚጠላ ከሆነ ነው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ይስማውም ኮርቻውን ትከሻው ላይ አደረገ፤ የሰው ዕቃ ነዋ። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ አስቆመን።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኮርቻ» አለ ይስማው።

«ፈረሱስ?»

«አልተመዘገበም» አለች ጠጄ ቀድማ። ጥበቃው ምን እንደሚከለክል ጨንቆት አሳለፈን።

አዳራሹ ውስጥ የሰላማዊት መምህር ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር ተቀምጠዋል። መነጽር ያደረጉ ቀጭን ወጣት ናቸው። ተነሥተው ተቀበሉኝ። የእኛን ሰዎች ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡ፤ ኮርቻውን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ የተማረ ሰው ምልክቱ ይህ ነው። እኔ ማሽኑ ፊት ተቀመጥሁ። በአማርኛ መተየቡን ሰላማዊት ቀደም ብላ አስለምዳኛለች።

«እናቴ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ብቻ ይጻፉልን» አሉኝ መምህሩ።

ድምፅ ሳላሰማ!

ጣቶቼን አስቀመጥሁ። ባዶ። ዜማውን ፈለግሁት፤ የለም። ከሩቅ አንዲት ነገር ስትመጣ አየሁና ደስ አለኝ፤ ፍየሏ ነበረች። ሰላማዊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። አባቷ ምን እንደተያዘ ባያውቅም የልጁን ፊት ያነባል፤ እሱም ባርኔጣውን ይጨምቃል። የተለየው ወይፈን፣ የተወቀጠው ጌሾ፣ የተጠራው አገር ሁሉ ከዚያች የምትብለጨለጭ መስመር ፊት ቆሞ እኔን ያየኛል።

ያን ጊዜ እጄ ሳላዘው የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። ጭኔ ላይ አድርጎ ማሸት ጀመረ፤ ልክ ሳፋው ውስጥ እንዳለ። ሦስቱ መምህራን አንገታቸውን አሰገጉ። አሸሁት። ኮርቻ መጣ። ገልብጬ አሸሁት፤ ድንች። ጨመቅሁት፤ ዣንጥላ። በአንድ እጄ እያጠብሁ በአንድ እጄ ጻፍሁ። እንቁራሪት ላይ ትንፋሽ ወሰድሁ። ወንፊት ላይ አሳረፍሁ።

መስኮቱ አረንጓዴ ሆነና «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

መምህሩ አጨበጨቡ። «ድንቅ ነው! እንዴት ያዙት እናቴ?» ከዚያ እስክሪብቶአቸውን አነሡና «ለመሆኑ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ?» አሉ።

ሰላማዊት አፏን ልትከፍት ስትል እጄን አነሣሁ። ጥፋቱ የኔ፣ መልሱ የእሷ ሊሆን አይገባም።

«አለ» አልሁ። «ሠፈሩ ያውቀዋል።»

«የቱ ሠፈር?»

«ያ ነው» ብዬ ወደ አግዳሚው አሳየኋቸው። ከዚያ ከየኔታ ደጅ ጀምሬ እስከ ሳፋው ድረስ ነገርኋቸው። በሕይወቴ በሰው ፊት እንዲያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም። መምህሩ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ደግ ምልክት አልነበረውም።

«የታወቀ የይለፍ ቃል...» ብለው ጀመሩና አግዳሚውን ቆይተው አዩት። «እስቲ አንድ በአንድ ይሞክሩልኝ።»

ጠጄ ቀረበች። እሷ ትላለች፤ አንደኛው መምህር ይጽፋሉ። «ድንች፣ ዣንጥላ፣ ወንፊት፣ ሽንኩርት፣ ኮርቻ» አለች በድፍረት። ማሽኑ ቀላ፤ አልከፈተም። ሰላማዊት ሳታስበው «ሽንኩርት የለበትም እኮ!» አለች።

«እንቁራሪት ነው ያሉት፤ ግን የጨዋ ቤት በእንቁራሪት ምን ያደርጋል?» አለች ጠጄ። «ሽንኩርት ማለታቸው ነው ብዬ አረምኋቸው።»

ይስማው ቀረበ። «ኮርቻ» አለ።

«ሌላስ?»

«ኮርቻ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ማሽኑ አሁንም ቀላ።

መምህሩ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «አባቴ፣ እርስዎስ ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ከነማሳረፊያው።»

ሰላማዊት ዓይኗን ጨፈነች። የእሳቸውን ጆሮ የማውቀው እኔ ደግሞ ነጠላዬን እንደገና ማሸት ጀመርሁ።

«እንግዲያው ይክፈቱት» አሉ መምህሩ።

«አልከፍትም።»

«ለምን?»

«በሩ የእመይቴ ነው። ጎረቤት በአጥር የሰማውን ይይዛል እንጂ በር አይከፍትበትም።»

«አባቴ፣ ሙከራ ነው እኮ!»

«ሌባም ሲጀምር ሙከራ ነው የሚለው» አሉና መቋሚያቸውን ተደገፉ።

ሦስቱ መምህራን ራሳቸውን አጋጥመው በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። አንደኛው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። በመጨረሻ የሰላማዊት መምህር ተነሡ።

«ሰላማዊት፣ ቃሉ ሳይጻፍ ተይዟል፤ የጠየቅሁሽም ይህንኑ ነው። የሰሙት ሰዎችም አልከፈቱትም፤ ምክንያታቸውን በሪፖርትሽ እንዴት እንደምትጽፊው ግን አላውቅም። አንድ ነገር ትጨምሪበታለሽ፤ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት መስኮቱ ላይ በትልቁ 'ጮክ ብለው አያጥኑ' የሚል ማስጠንቀቂያ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአክብሮት ዝቅ አሉ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፕሮግራሙ አልፏል፤ ተጠቃሚዋ ግን ወድቀዋል።»

ይስማው የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ኮርቻውን ጥሎ መጣና ትከሻዬን ያዘ። «አይዞሽ እቴ፣ ለከርሞ ታልፊያለሽ» አለኝ። ልጁ በአንድ ጎን፣ እሱ በሌላ ጎን አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ አንዷ በደስታ፣ አንዱ በሐዘን። እኔ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

በዕድሜዬ ብዙ ፈተና ተፈትኜ ብዙውን አልፌያለሁ፤ ማንም እልል ብሎልኝ አያውቅም። ወድቄ የወጣሁት ያን ቀን ነው፤ እልልታ የቀለጠልኝም፣ ጠጄ ትባረክና፣ ያን ቀን ብቻ ነው።